ከዕዳና ከእገዳ ነጻ

ምክሩን የሰጠኋት እኔ ነኝ። ይህን ቀድሜ ልናገርና ይውጣልኝ፤ ከዚያ በኋላ ብትረግሙኝም ቢያንስ ደብቃን ነበር አትሉኝም።

ሐሙስ ከሰዓት ነበር። እዚህ ጣሊያን አገር፣ ፓዶቫ ከተማ፣ ሐሙስ ከሰዓት የእኛ ነው። አሮጊት የምንጠብቅ የሞልዶቫ ሴቶች ሁሉ ከየአሠሪዎቻችን ቤት ወጥተን መናፈሻው ውስጥ እንሰበሰባለን፤ የሱፍ ፍሬ እየቆረጠምን የአሮጊቶቹን ልጆች እናማለን። የአክስቴ ልጅ አግላያ ግን ያን ቀን ለሐሜት አልመጣችም። ስልኳን ደረቷ ላይ ለጥፋ አጠገቤ ቁጭ አለች።

"ዚና፣ እስቲ አንብቢልኝ" አለችኝ። "እኔ ስድስት ጊዜ አነበብኩት። ዓይኔ ይሆናል።"

የቤቷ መዝገብ ግልባጭ ነበር። አግላያ በዋና ከተማችን ኪሺናው፣ ቦታኒካ ሰፈር፣ አምስተኛ ፎቅ ላይ ባለሁለት ክፍል አፓርታማ አላት። ሰባት ዓመት የሰው እናት አጥባ፣ አጉርሳ፣ ገልብጣ የገዛችው ቤት ነው። አከራይታዋለች፤ አንድ ቀን ጠቅልላ አገሯ የምትገባው በዚያ ኪራይ ተማምና ነው። በየወሩ መጀመሪያ መዝገቡን በስልኳ ትከፍታለች። ባለቤት በሚለው ላይ ስሟ እንዳለ ታያለች፤ መጨረሻው ላይ "ቤቱ ከዕዳና ከእገዳ ነጻ ነው" የሚለውን ታነብባለች፤ ከዚያ ሰላም ብላ ሥራዋን ትቀጥላለች። ይህንንም ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ያን ሐሙስ ግን "ነጻ" የሚለው ቃል ጠፍቷል። በቦታው "እገዳ ተመዝግቧል" ይላል። ከሥሩ ደግሞ፦ "አመልካች፣ ዶሪን ሙንቴያኑ።"

ዶሪን ፍቅረኛዋ ነው።

ሴራሚክ አንጣፊ ነው። ቤቱ ገና ግድግዳ ብቻ ሳለ መታጠቢያ ቤቱን እንዲያነጥፍ በስልክ ቀጠረችው። የሦስት ዓይነት ሴራሚክ ስባሪ በየሳምንቱ ከኪሺናው ወደ ጣሊያን በሚመላለሰው ሚኒባስ፣ በደረቀ ፕሪም መሃል ቀብሮ ላከላት። በጀርባቸው በእርሳስ "ይሄ?"፣ "ወይስ ይሄ?" ይላል፤ ሦስተኛው ላይ "እኔ ብሆን ይሄንን፤ ግን ቤቱ ያንቺ ነው" ብሎ ጽፏል። ሦስተኛውን መረጠች። በዚያ በጋ ለዕረፍት ስትሄድ ሴራሚኩን ልታይ ገብታ ሰውየውን አይታ ወጣች። ከዚያ በኋላ ሚኒባሱ ደብዳቤውን ሳይዝ የመጣበት እሑድ የለም። ሰዉ ሁሉ በስልክ በሚያወራበት ዘመን በእጁ የሚጽፍ ወንድ! እኔ እንኳን በሃምሳ ዓመቴ ቀንቻለሁ።

ሁለት ጊዜ አግቢኝ ብሏታል። መጀመሪያ "ካርታው ይውጣና" አለችው። ካርታው ሲወጣ "ትንሽ እንቆይ" አለችው። ያን ሁሉ ያስባልኳት እኔ ነኝ። ከጋብቻ በፊት የተገዛ የግል ነው፤ ከጋብቻ በኋላ የመጣ የጋራ ነው፤ ወረቀትሽን ሳታጠሪ እንዳትፈራረሚ አልኳት። የቀድሞ ባሌ እኔ እዚህ እያለሁ በሰጠሁት ውክልና ቤቴን ሸጦ በገንዘቡ ሌላ ሴት አግብቷል፤ ስለዚህ በዚህ ጉዳይ ራሴን እንደ ጠበቃ ነበር የምቆጥረው። አግላያ ለዶሪን የሰጠችውን ውክልና ቃል በቃል ያስጻፍኩትም እኔ ነኝ፦ "ለማከራየት፣ ለመጠገንና ንብረቱን ለማስጠበቅ ብቻ።" "ብቻ" የሚለውን ጮክ ብዬ ነበር ያስጻፍኩት።

እና ያን ሐሙስ ግልባጩን አንብቤ ምን አልኳት? ጀማምሮታል አልኳት።

"ልደውልለት" አለች። ጣቷ ስሙ ላይ ነበር።

"እንዳትሞክሪው! ከደወልሽ ይነቃል። ነገ ሂጂ፣ መጀመሪያ ውክልናውን ሻሪ፣ ከዚያ ፊት ለፊት ጠይቂው።"

"ዚና፣ ዶሪን እኮ ነው።"

"የኔውም እኮ ባሌ ነበር።"

ስልኩን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። አልቀሰችም። ከንፈሯ ግን ነጭ ሆነ። ቢሆንም ምክሬን አልመለስኩም።

* * *

በማግስቱ ዓርብ በአውሮፕላን ኪሺናው ገባች። የቀረውን እሷ እንደነገረችኝ ነው የምነግራችሁ፤ ከነገረችኝ በኋላ ብዙ ጊዜ ስላሰላሰልኩት አንዳንዱ ቦታ የቆምኩበት ያህል ይታየኛል።

ከአውቶቡስ ተራው ፊት ለፊት ወዳለው ውልና ማስረጃ ሻንጣዋን እንደጎተተች ገባች። ውክልና መሻር ሩብ ሰዓት አይፈጅም። ጸሐፊዋ ማስቲካ እያኘከች፣ "የተወካዩ ስልክ ቁጥር? መሻሩ በመልእክት ይደርሰዋል" አለቻት። አግላያ ቁጥሩን በቃሏ ነገረቻት። በሌላ ሰዓት ያን ቁጥር ስትጠራ ፊቷ ይፈካ ነበር። አሁን የመጨረሻዎቹ ሁለት ቁጥሮች አልወጣ ብለዋት ጸሐፊዋ ደግማ ጠየቀቻት። ፈርማ ስትወጣ የተኛ ሰው በጥፊ የመታች ያህል ተሰማት።

ሁለት ቀን ሆቴል ተኛች። ዶሪን ደወለ፤ አላነሳችም። "አግላዬ፣ አንድ መልእክት ደርሶኛል፤ ስህተት መሆን አለበት" ብሎ ጻፈ። እሱንም ለእኔ ላከችልኝ። እኔ "ሲያስመስል ነው፤ አትመልሺ" አልኳት። አልመለሰችም።

እሑድ የሙታን ፋሲካ ነበር። ከፋሲካ በኋላ ባለው ሳምንት ሰው ሁሉ ከያለበት ወደ መንደሩ ይመለሳል፤ መቃብር ላይ ማዕድ ይዘረጋል፤ ጉንጉን ዳቦ፣ ፎጣና ሻማ ለመጣው ሁሉ በሟች ስም ይሰጣል፤ የተቀበለም "ነፍስ ይማር" ይላል። አግላያ የእናቷ መቃብር ባዶውን የሚሆን መስሏት ነበር፤ እንደምትመጣ ለማንም አልተናገረችም። ስትደርስ ማዕዱ ተዘርግቷል። መስቀሉ አዲስ ሰማያዊ ቀለም ተቀብቷል። ቀይ እንቁላል፣ ዳቦ፣ የወይን ጠጅ፣ ስድስት አዳዲስ ፎጣ። ወንድሟ ጌናዲ ብርጭቆ ይዞ ቆሟል። ዶሪን ተንበርክኮ ሻማ ያቆማል።

ቀና ብሎ አያት። መጀመሪያ ያየችው የዱሮውን ፊት ነበር፤ ሊስቅ የጀመረ፣ ሊነሳ የጀመረ። ለእነዚያ ሁለት ሰከንዶች ሁሉንም ልትረሳ ደርሳ ነበር አለችኝ። እሱ ግን መልእክቱ ትዝ አለውና ፊቱ ጠቆረ።

"መጣሽ" አለ። ዳቦና ፎጣውን በሁለት እጁ ዘረጋላት። "ስለ እናትሽ።"

አልተቀበለችም። በዚያ ቀን በሟች ስም የተዘረጋ እጅ አይመለስም፤ ደመኛ እንኳን ይቀበላል። አጠገብ ባሉት መቃብሮች ላይ ወሬው ቆመ።

"ስምህን ምን ልታደርግ ቤቴ ላይ ጻፍከው?"

"አግላያ፣ እዚህ አይሆንም" አለ ጌናዲ። "በእናታችን ፊት ተይ፣ እህቴ።"

"በእናቴ ፊት ይናገር! ሰባት ዓመት እኔ የሰው ሰገራ ስጠርግ ኖሬ የገዛሁትን ቤት እሱ ያግደው? ምን ፈልገህ ነው ዶሪን? ግማሹን? ሴራሚክ ስላነጠፍክ?"

ዶሪን ወደ ጌናዲ ዞሮ ረጅም ጊዜ አየው። አግላያ ያን አስተያየት ያኔ አልተረዳችውም፤ አሁን ግን ዓይኗን በጨፈነች ቁጥር ይታያታል። አንድ ሰው ሌላውን "አሁን ተናገር" ሲለው የሚያየው አስተያየት ነበር። ጌናዲ ብርጭቆው ውስጥ አቀረቀረ።

"ስለዚህ የሻርሽው አንቺ ነሽ" አለ ዶሪን በመጨረሻ። "እኔ ደግሞ ስህተት ነው ብዬ ሁለት ቀን ሙሉ ስከራከርልሽ።"

ከኪሱ የቤቱን ቁልፍ አውጥቶ ዳቦው ላይ አስቀመጠ። ዳቦውንም ቁልፉንም መቃብሩ ጠርዝ ላይ አኖረና በሰዎቹ መሃል አልፎ ሄደ። አንዲት አሮጊት፣ "ልጄ፣ ተቀበይው፣ የእናትሽ ነው" አለቻት። አግላያ ዳቦውን አነሳች፤ "ነፍስ ይማር" ግን አላለችም።

* * *

ማክሰኞ ጠዋት እገዳውን ልታስነሳ ወዳስመዘገበው ውልና ማስረጃ ሄደች። ለማንሳት የአመልካቹም ፊርማ ያስፈልጋል ስለተባለች ዶሪን ለአምስት ሰዓት ተቀጥሯል። እሷ በአራት ደረሰች። የቢሮው ኃላፊ ወይዘሮ ኤልቪራ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው የሚሠሩ፣ ቁጣ የሚቀናቸው ሴት ናቸው።

"ሌላ የወከልሽው ሰው አለ?" ብለው ጠየቋት።

"ዶሪንን ብቻ ነው። እሱንም ዓርብ ሽሬዋለሁ።"

"እርግጠኛ ነሽ?"

"እንዴት አልሆን!"

ኮምፒውተሩን አዞሩላት። "ታዲያ ይሄ ፊርማ የማነው?"

የሷ ነበር። ከሁለት ዓመት ተኩል በፊት ለጌናዲ የሰጠችው ውክልና። የሟች አባታቸውን አሮጌ መኪና እንዲሸጥ ነበር፤ ወደ ጣሊያን የሚመልሳት ሚኒባስ በር ላይ ጥሩምባ እየነፋ፣ ጸሐፊው "ልዩ ይሁን ሙሉ?" ሲላት "የቱ ይፈጥናል?" ብላ ነበር። ሙሉው የተዘጋጀ ቅጽ ነበረው። ፈረመች፣ ሮጠች፣ ረሳችው። መኪናውም ተሸጦ አለቀ፤ ወረቀቱ ግን አላለቀም።

"ለመኪና እኮ ነው!" አለች።

"መኪና የሚል የት ታያለሽ? አንብቢው።"

አነበበች። "ንብረቴን ሁሉ፣ አሁን ያለኝንም ወደፊት የማገኘውንም፣ እንዲሸጥ፣ እንዲለውጥ፣ እንዲያስይዝ..."

"ባለፈው ሳምንት" አሉ ወይዘሮ ኤልቪራ፣ "ወንድምሽ ገዢ ይዞ አንቺ አሁን የተቀመጥሽበት ወንበር ላይ ተቀምጧል። ወረቀቱ ሕጋዊ ነው፤ ጊዜው አላለፈም፤ ምን ብዬ ልመልሰው? የተከራይሽን ውል ያጸደቅኩት እኔ ስለሆንኩ የዶሪን ስልክ ነበረኝ፤ እሱን ጠራሁት። እጁ በሲሚንቶ እንደተለወሰ እየሮጠ መጣ። ወረቀቱን ዘረጋልኝና 'መሸጥ አልችልም፣ መለወጥ አልችልም፤ ግን ማስጠበቅ ይላል አይደል?' አለኝ። ይላል። እሷ፣ ማለቴ አንቺ ራስሽ፣ በአካል ሳትቀርቢ ማንም እንዳይሸጠው የሚል እገዳ አስገባን። እሱም ራሱ 'ማንም' ውስጥ አለበት። የገዛ እጁን ነው ያሰረው።"

አግላያ ጠረጴዛውን ያዘች። "ለምን አልነገረኝም?"

"እኔም ጠይቄው ነበር። 'እሑድ እሑድ ከወንድሟ ጋር ስታወራ ትስቃለች' አለኝ። ሌላ መልስ አልሰጠኝም።"

ከዚያ በኋላ ያለው አንድ ሰዓት እንዴት እንዳለፈ አታስታውስም። የጌናዲን ውክልና ሻረች፤ የመጀመሪያው ፊርማዋ ተበላሽቶ ሁለት ጊዜ ፈረመች። አንድ ነገር ብቻ ነበር የምትፈልገው፦ በሩ ተከፍቶ ዶሪን እንዲገባ፣ እግሩ ላይ እንድትወድቅ።

አምስት ሰዓት ላይ ገባ። ነጭ ሸሚዝ ለብሷል፤ ጥፍሩ ሥር ሲሚንቶ አለ።

"የት ልፈርም?" አለ።

"ዶሪን፣ አወቅሁ። ሁሉንም አወቅሁ። ይቅር በለኝ።"

"ይቅር ብዬሻለሁ።" ድምጹ ለስላሳ ነበር፤ ቢቆጣ ይሻላት ነበር። "ጌናዲንም እንዳትጨክኚበት። ሌባ አይደለም፣ ሞኝ ነው። ቤቱን ሸጬ አትክልት ማልሚያ ግሪንሃውስ ብሠራ እህቴንም አበለጽጋታለሁ ብሎ ነው። አልቅሶ ለመነኝ፤ በበዓሉ ራሴ እነግራታለሁ አለኝ። እሑድ ይናገራል ብዬ ጠበቅኩት።"

"አንተ ለምን አልተናገርክም? እንደዚያ ሳዋርድህ!"

"እናትሽ መቃብር ላይ ቆሜ ወንድምሽን እንዳሳጣሽ?" ራሱን ነቀነቀ። "አንድ ጊዜ ብትደውዪ ኖሮ፣ አግላዬ። አንዲት ጥሪ። 'ይሄ ምንድነው?' ብትዪኝ፣ ሁሉንም ባልነግርሽ እንኳን እመኚኝ እልሽ ነበር።"

"ፈራሁ።"

"አውቃለሁ። ለወንድምሽ 'ሁሉ' ብለሽ ጻፍሽ። ለኔ 'ብቻ'። ቅር አላለኝም ብል ውሸት ነው። ግን 'ማስጠበቅ' የሚል አንድ ቃል አለችኝ፤ እሷ ትበቃኛለች ብዬ ይዣት ነበር።"

አግላያ ክንዱን ጨበጠችው። "ሙሉ ውክልና እሰጥሃለሁ! አሁን፣ እዚሁ! ወይዘሮ ኤልቪራ፣ ይጻፉልኝ፣ ሁሉን ብለው ይጻፉልኝ!"

ያን ጊዜ ነው ፊቱ የተሰበረው።

"እኔ ወረቀት መቼ ጠየቅኩሽ?" አለ። "ሁለት ጊዜ ጠይቄሻለሁ። ሁለቱንም ጊዜ ቀለበት ነበር የያዝኩት።"

ወይዘሮ ኤልቪራ መነጽራቸውን አውርደው በመስኮት ወደ ውጭ ያዩ ጀመር።

"እወድሃለሁ" አለች አግላያ። "ከዚያ ቤት አብልጬ ነው የምወድህ። ቤቱ ይውሰደው ሰይጣን!"

"አይውሰደው። ለፍተሽበታል።" ክንዱን ቀስ ብሎ ከእጇ አወጣ። "እኔም እወድሻለሁ። ግን በየወሩ መዝገብ የምትከፍቺው ቤቱን ለማየት ይመስለኝ ነበር። ለካ የምታዪው እኔን ነው። ብንጋባም ታዪኛለሽ። ሃምሳ ዓመት አብረን ብንኖር በየወሩ መጀመሪያ ታዪኛለሽ። እኔ ደግሞ እየታየሁ መኖር አልችልበትም።"

ፈረመ። ብዕሩን አስቀምጦ በሩ ጋ ከደረሰ በኋላ ዞረ። ይመለሳል ብላ አሰበች።

"የመታጠቢያ ቤቱ ቧንቧ ወደ ግራ ነው የሚዘጋው" አለ። "ለአዲስ ሰው ያስቸግራል። የሚጠግን ስትቀጥሪ ንገሪው።"

ኮቴው ደረጃው ላይ እስኪጠፋ ቆማ አዳመጠች። አንድም ጊዜ አልዘገየም።

* * *

ስልኬ ሲጮህ አሮጊቷን ሾርባ እያበላሁ ነበር። አግላያ ከውልና ማስረጃው ደረጃ ላይ ተቀምጣ ነው የደወለችልኝ። እየተቆራረጠች ሁሉንም ነገረችኝ። ማንኪያው እጄ ላይ ቀረ። አሮጊቷ አፏን ከፍታ ጠበቀችኝ።

ከዚያ ዕቃው ትዝ አለኝ።

እሑድ ጠዋት ሚኒባሱ ሲመጣ የአግላያን ዕቃ የተቀበልኩት እኔ ነበርኩ። በዶሪን እጅ የተጻፈ ካርቶን ነው፤ እሷ ኪሺናው በገባችበት ዓርብ፣ መልእክቱ ሳይደርሰው፣ ተጭኗል። መንገድ ላይ ተላልፈዋል። እኔ ደግሞ የሌባ ፕሪም ብዬ ሳልከፍት አልጋዬ ሥር ወርውሬዋለሁ። እሑድ ጠዋት! ገና መቃብሩ ጋ አልደረሰችም ነበር።

"ቆዪ፣ እንዳትዘጊው" አልኳትና ሮጥኩ። ካርቶኑን በወጥ ቤት ቢላ ቀደድኩት። ፕሪሙ ወለሉ ላይ ተበተነ። ደብዳቤው ከሥር ነበር፤ አንድ ገጽ።

"አንብቢልኝ" አለች።

ባላነብ ይሻል ነበር። ግን ከዚህ በላይ ልደብቅባት አልቻልኩም፤ አነበብኩላት።

"አግላዬ፣ መዝገቡን ስትከፍቺ ስሜን ታያለሽ። አትደንግጪ። ምክንያቱን በአካል ስንገናኝ እነግርሻለሁ፤ ክፉ ነገር አይደለም። ግልባጩ ሲሰጠኝ ወጥቼ ደረጃው ላይ ተቀምጬ አየሁት። ያንቺ ስም ከላይ፣ የኔ ከታች። ሳስበው ስማችን አብሮ የተጻፈበት ወረቀት እስካሁን አልነበረንም። እገዳ ቢሆንም ደስ አለኝ። ሌላው ወረቀት እስኪመጣ ይሄንን ኪሴ ውስጥ ይዤዋለሁ።"

ጨረስኩ። የተቀመጠችው እሱ በተቀመጠበት ደረጃ ላይ ነበር።

"አግላያ? አለሽ? እኔን አንድ ነገር በይኝ። ስደቢኝ እንጂ!"

አልሰደበችኝም። ወረቀት ሲገለጥ ሰማሁ። ወይዘሮ ኤልቪራ አዲሱን ግልባጭ አትመው ሰጥተዋታል፤ እሷም እንደ ልጅ ቃል በቃል እየቆጠረች አነበበችልኝ።

"ባለቤት፣ አግላያ ሩሱ። ሌላ ባለመብት፣ የለም። ቤቱ ከዕዳና ከእገዳ ነጻ ነው።"

ከዚያ ጮኻ አለቀሰች።